የኪቲላ አሥር ጆንያ

አንድ ሰው ስድሳ ሁለት ዓመት ኖሮ ሲያልፍ ድምሩ ምን ይሆናል? ኪቲላን ቀብረን ከተመለስን ወዲህ ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ልጆች አሳድጓል፤ መቱ ላይ ቤት ሠርቷል፤ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሠርቷል። በቀብሩ ላይ የተነበበው ይኸው ነው። ያልተነበበው ግን አንድ ሐሳብ ወልዶ፣ ሐሳቡን በገዛ እጁ ለፈተና ማቅረቡ ነው። ፈተናው የተካሄደ ቀን ከመዛኞቹ አንዱ ስለነበርኩ እኔ ልጻፈው።

ኪቲላ የገበሬውን ቡና ገዝቶ በሚሸጥ አንድ ማኅበር ውስጥ ሒሳብ ሹም ነበር። እኔ ከማኅበሩ የቁጥጥር ኮሚቴ ሦስት አባላት አንዱ ነበርኩ። በመቱ፣ በያዮና በዳሪሙ መጋዘን ነበረን። ገበሬው ከነገለባው ያደረቀውን ቡና፣ ጀንፈሉን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ያመጣል። መጋዘን ኃላፊው መዝኖ ይረከባል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ቡናው በመጋቢት ለሽያጭ ሲወጣ እንደገና ይመዘናል። መመሪያው ከመቶ ሁለት እጅ ሊጎድል ይችላል ይላል። ከዚያ ያለፈው ጉድለት የመጋዘን ኃላፊው ነው፤ ይከፍላል፣ ከበዛም ይታሰራል።

ቡና ሲደርቅ እንደሚቀል ያልሰማ የለም። ስንት እንደሚቀል ግን የመዘነ አልነበረም። ኪቲላ ሁለት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጠየቀ። ከድሮው መመሪያ ነው አሉት። የድሮውስ? ከእሱ በፊት ከነበረው።

በዚያን ዘመን በክረምት እየተማረ ዲግሪውን ሊጨርስ ነበር። አንድ ቀን ከቢሮ ስንወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ ይህቺ ሁለት ትእዛዝ ናት ወይስ ግምት?» አለኝ።

«ምን ልዩነት አለው?»

«ትእዛዝ ከሆነች እንታዘዛታለን። ግምት ከሆነች ግን መፈተን ነበረባት። ባልተፈተነ ግምት ሰው እያሰርን ነው። ከታሰሩት የመጋዘን ኃላፊዎች ሁለቱን ያሳሰረው የኔ ፊርማ ነው።»

ዞር ብዬ ከኋላችን ሰው መኖር አለመኖሩን አየሁ። ነገሩ እውነት እንዳይሆን ፈራሁ። እሱ ግን ከእኔ የባሰ ፍርሃት ነበረበት። ሐሳቡ ሐሰት ቢሆን ያፍራል፤ እውነት ቢሆን ደግሞ ሁለት ንጹሕ ሰው አሳስሯል ማለት ነው። በየትኛውም በኩል የሚያስተኛ አልነበረም።

እንዲያም ሆኖ ጀመረ። የአሥራ አንድ ዓመት መዝገብ አውጥቶ የሦስቱን መጋዘኖች ጉድለት በየወሩና በየኃላፊው ደለደለ። ሰዎቹ ሌቦች ከሆኑ፣ አለ፣ ጉድለቱ ሰውየውን ተከትሎ ከመጋዘን ወደ መጋዘን መዛወር አለበት። የሚወስደው አየሩ ከሆነ ግን ሰው ቢቀየርም ጉድለቱ እዚያው ይቀመጣል። የወጣውም ይኸው ሁለተኛው ነበር። ኃላፊው ተባርሮ ሌላ ሲገባ ያው መጋዘን በዚያው በበጋው ወራት ያንኑ ያህል ይጎድላል። ኢሉባቦር ዝናቡ ቶሎ አይለቅም፤ ገበሬው በደንብ ያልደረቀ ቡና ያመጣል፣ እርጥበቱ ከእኛ እጅ ገብቶ ይወጣል። እኛ ውኃ ገዝተን ውኃው ሲተን ሌባ እንፈልጋለን ማለት ነው።

ይህን ለኮሚቴው ሲያቀርብ ሊቀ መንበራችን ደርበው ሳቀ። ደርበው ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ሌባ ያየ ሰው ነው።

«ሌባ የቀን መቁጠሪያ የለውም ያለህ ማነው?» አለው። «በጋ ላይ ቡና እንደሚወደድ አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው? መጋዘኑ ለሌብነት የተመቸ ከሆነስ? ማንም ቢገባበት ይሰርቃላ።»

ኪቲላ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልክ ነዎት ጋሼ ደርበው» አለ። በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ካለፈ መዝገብ ላይ ተለቅሞ የተሠራ ሐሳብ ለዚያ ላለፈው ምን ጊዜም ይስማማል፤ ልኩ የተወሰደው ከእሱ ነዋ። ሐሳብ የሚፈተነው ገና ያልሆነውን አስቀድሞ ሲናገር ነው። ሊሳሳት እንደሚችል እያወቀ አንገቱን ሲያስገባ።

የሚያስገባው አንገት ግን የራሱ ብቻ አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ያለፈው ዓመት ሒሳብ ሲመሳከር በመቱ መጋዘን ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ኩንታል አሥራ አንዱ ጎደለ። ኃላፊዋ ሻሽቱ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ ቃል የማይበዛባት ሴት። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና በር ላይ ሲቆም ከተቀመጠችበት ትነሣ ነበር። ፋይሏ ለዐቃቤ ሕግ ሊላክ ሲል ኪቲላ አሥር ሳምንት ለመነ። ደርበው ፈቀደለት፤ ግን ውሉን አጠበቀ። ፈተናው ሐሳቡን ካጸናው ክሱ ይቀራል፤ ካልሆነ ፋይሉ በማግስቱ ይሄዳል።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አዲስ ከተረከብነው ጀንፈል አሥር ጆንያ በፊታችን ተመዝኖ፣ አፉ ተሰፍቶ፣ ስፌቱ ላይ ማኅተም ተደረገበት። ኪቲላ ትንቢቱን በወረቀት ጽፎ በፖስታ አሽጎ ለእኔ ሰጠኝ። ከመቶ ከአምስት እስከ ስድስት ይጎድላል፤ ከሦስት በታች ከጎደለ ግን ሐሳቤ ስሕተት ነው፣ በአፌም እመሰክራለሁ ይላል። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ይሁን ብሎ ነበር። ማኅበሩ ሌላ ጠባቂ የሚቀጥርበት ገንዘብ አልነበረውምና ቁልፉ ከሻሽቱ ጋር ቀረ። ስለዚህ አንድ ጥንቃቄ አደረገ፤ ምን እንደሚጠብቅ አልነገራትም። ውጤቱን ካወቀች እጇን ታስገባለች ተብሎ እንዳይጠረጠር ነው። «አሥሩን ጆንያ አትንኪ፣ እንመዝነዋለን» ብቻ አላት።

አሥሩን ሳምንት እንዴት እንዳለፈው አይቻለሁ። ነካካ እንዳይሉት በመጋዘኑ ደጅ አያልፍም ነበር፤ ከገበያ ሲመለስ በሆስፒታሉ በኩል ይዞራል። ምሳ አብረን ተቀምጠን ምግቡ ይቀዘቅዝበታል። እሷንም መንገድ ላይ ሲያያት ሰላምታውን አሳጥሮ ያልፋል፤ ፊቱ አንድ ነገር እንዳይነግራት ይፈራል። እሷ ደግሞ ዝምታውን በሌላ ፈታችው፤ ሊያስፈርድብኝ ነው አለች።

በየካቲት አጋማሽ አንድ ጠዋት ተሰበሰብን። ኮሚቴው ደርበው፣ ጸሓፊዋ ቢሊሴና እኔ ነን። ማኅተሙ እንደነበረ ነው፤ ማንም አልነካውም። የመጀመሪያው ጆንያ ሚዛን ላይ ወጣ። ሁለተኛው። በአራተኛው ላይ ኪቲላ ጎንበስ ብሎ የሚዛኑን ቁጥር ራሱ አነበበ። ሻሽቱ ከበሩ አጠገብ ቆማ ጆንያ በተነሣ ቁጥር ፊቷ ይፈካ ነበር። አሥሩ ተደምሮ ከመቶ አንድ ተኩል ብቻ ጎደለ።

«ተመስገን፣ ሙሉ ነው» አለች ሻሽቱ።

ፖስታውን ቀድጄ ጮክ ብዬ አነበብኩ። እያነበብኩ ሳለ የፊቷ ፍካት ሲጠፋ አየሁት።

«መጉደል ነበረበት እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «ኦቦ ኪቲላ፣ መጉደል ነበረበት? ምነው ሳይነግሩኝ?»

ከዚያ አወጣችው። የመጋዘን ሰዎች ከጥንት የሚያውቁት ነገር አለ፤ ለመዛኝ የማይነገር። ቆጠራ ሲቃረብ ጎሕ ሲቀድ መስኮት ይከፈታል፣ ጉም ይገባል፤ ርጥብ ጆንያ በየግድግዳው ይሰቀላል፣ ወለሉ ላይ ውኃ ይረጫል። ቡናው ይጠጣና ይከብዳል፤ ለመጋዘን ሙሉ ቡና ባይበቃም ለአሥር ጆንያ ይበቃል። እሷም በየማለዳው ይህንኑ አድርጋለች። ዕድሜ ልኳን ሙሉ ሆኖ የተገኘ ሲመሰገን፣ የጎደለ ሲታሰር ነው ያየችው። ሚዛን መጣ ሲሏት ሙላት የሚፈለግ መሰላት። በጎደለ ቁጥር ነጻ የምትወጣበት ሚዛን መኖሩን ማን ነግሯት?

ኪቲላ ወደ እኛ ዞረ። ይህ ፈተና ሐሳቡን አልፈተነም፣ የተፈተነው ፍርሃቷ ነው አለ። ደርበው ግን ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለ።

«ከሦስት በታች ከሆነ ስሕተት ነኝ ያልከው አንተ ነህ» አለው። «አሁን ደግሞ ቡናውን ውኃ አጠጣች። እሱም ለብቻው ጥፋት ነው። ሐሳብህ ሲያሸንፍ እውነት፣ ሲሸነፍ ጉም የሚሆን ከሆነ መቼ ነው የምንይዘው?»

ጥያቄው ከባድ ነው፤ ዛሬም ይከብደኛል። ሐሳቡን የወደደ ሁሉ ለሽንፈቱ ምክንያት አያጣም። ግን በዚያች ቀን አጠገባችን ርጥብ ጆንያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ልንነካው እንችል ነበር።

ኪቲላ ያን ቀን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላ አሥር ጆንያ፣ ሌላ አሥር ሳምንት፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ቁልፉ ከሻሽቱም ከእሱም እጅ ወጥቶ። ትንቢቱን አልለውጥም፣ ያንኑ ቁጥር እንደገና እፈርምበታለሁ አለ። ደርበው ቢሊሴን አየ፣ ቢሊሴ እኔን አየችኝ። እኔ ሐሳቡ እውነት ከሆነ እኔም ከፈረምኩባቸው ሰዎች ውስጥ የታሰሩ እንዳሉ አስቤ ፈራሁ፤ ፋይሉ ይላክ በሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ ፈረምኩ። ፋይሉ በማግስቱ ሄደ። ሻሽቱ ሁለት ዓመት ተፈረደባት።

እሱ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ያንኑ ጥያቄ በጽሑፍ ያቀርብ ነበር፤ መጀመሪያ ለእኛ፣ ከዚያ ለተኩን ሰዎች፣ ከዚያም እነሱን ለተኩት። መልስ አልመጣለትም። ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ተኝቶ ልጠይቀው ስገባ ስለ ሕመሙ አላወራኝም። «ጋሼ፣ ታኅሣሥ እየገባ ነው» አለኝ። «አሥር ጆንያ ብቻ ነው። መስኮቱን ዘግተው ይመዝኑልኝ።»

አልመዘንኩለትም።