እህቴ ጂም ውስጥ የሳቀችብኝ ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ቀኝ እጄን ብርድ ሲነካው ስለሚጠዘጥዘኝ ልርሳው ብልም አልችልም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ ከቆመ በኋላ ወገቤን ቢያመኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ አጥንቴ መሳሳት እንደጀመረ ነገረችኝ።

"በእግር መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ ብረት ያንሱ። በፍስክ ወተትና እንቁላል፣ በጾም ደግሞ ምስርና ባቄላ አይጉደልብዎት" አለችኝ።

ኡራኤል አካባቢ ጂም ተመዘገብኩ። ብቻዬን መግባት ስላፈርኩ ታናሽ እህቴን ሰናይትን ይዣት ሄድኩ። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ ሰው ማሳቅ ትወዳለች።

በሦስተኛው ሳምንት በየእጄ ሁለት ሁለት ኪሎ ብረት ይዤ ሳነሳ የወር አበባዬ ከቆመ ወዲህ ድንገት የሚነሳብኝ ሙቀት መጣብኝ። ፊቴ ቀላ፤ ላቤ ከአገጬ ይንጠባጠብ ጀመር። ብረቱን አስቀምጬ በፎጣዬ ተራገብኩ።

"ኧረ እሳት አደጋ ጥሩልኝ!" ብላ ጮኸች ሰናይት። ከዚያ ፎጣዋን አንስታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እያለከለከች እኔን ማስመሰል ጀመረች። "አትፍረዱባት፣ አርጣ ነው እኮ! ደግሞስ አሁን ይሄን ብታነሳ ማን ሊያገባት ነው?"

ባሌ ከሞተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አሰልጣኙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ እኔም አብሬ መሳቄ ነው።

ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም። እንቁላሉንም ወተቱንም ተውኩት። እልህ ይሁን ሐዘን አላውቅም።

መስከረም ላይ ቡልጋሪያ ሰፈር ታክሲ ለመያዝ ስጋፋ አንሸራተተኝና በቀኝ እጄ ላይ ወደቅኩ። ተራ አወዳደቅ ነበር። የእጄ አንጓ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሐኪሟ ራጁን እያየች "ብረቱን እያነሱ ነበር?" ስትለኝ፣ "ጊዜ አጣሁ" አልኳት።

አጠገቤ የቆመችው ሰናይት ቀበል አድርጋ፣ "ድሮም ስፖርት ለእሷ እንደማይሆን ነግሬያታለሁ" አለች።

ጀሶው እስኪወልቅ ፀጉሬን ስታጥበኝ፣ ስታጎርሰኝ የከረመችው እሷው ናት፤ ሰው ፊት እንዴት እከሳታለሁ? ግን ይቅር አላልኳትም።

አሁን ሌላ ጂም ገብቻለሁ፤ ከግማሽ ኪሎ ነው የጀመርኩት። ሰናይት የት ጠፋሽ ስትለኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ እላታለሁ።