የሰፈሩ ማሊያ ሰፊና የተከለከለው ቀለም

ጨርቁን ሁለት እጥፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች። በመዳፏ ከመሀል ወደ ዳር እየገፋች ሽብሽቡን ታስለቅቃለች። የካርቶን ልኩን ታስቀምጥበታለች፣ ዳርና ዳሩ ላይ ብረት ትጭናለች፣ በሳሙና ስባሪ ዙሪያውን ታሰምራለች። ከመስመሩ አንድ ጣት አስፍታ ትቆርጣለች። መጀመሪያ ትከሻውን ትገጥማለች፤ ከዚያ አንገቱን፣ እጅጌውን፣ በመጨረሻ ጎኑን። ቅደም ተከተሉን አዛንፋ አታውቅም። የሰፈሩ ሰው «ሚሊሜትር» የሚላት በከንቱ አይደለም።

ሠላሳ አራት ዓመት የሰፈሩን ቡድን ማሊያ ሰፍታለች። ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው፤ የድሮው ክር ፋብሪካ ሠራተኞች ይለብሱት ከነበረው ቱታ የመጣ። መሣሪያ ያነሳ አንድ ድርጅት ይህንኑ ቀለም ግንባሩ ላይ ያሰረው እሷ መስፋት ከጀመረች ብዙ ቆይቶ ነው። ያው ድርጅት መናኸሪያ ውስጥ ቦምብ ሲያፈነዳ ታናሽ ወንድሟ አንድ እግሩን አጣ። አምና በአዋጅ አሸባሪ ተብሎ ሲታገድ «ምነው እስካሁን!» አለች። ዛሬም ቃሏን አልቀየረችም። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያው ሰላም ነው፤ ይህንንም አትክድም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግን የአካባቢው ጸጥታ ሹም ሁለት ፖሊስ አስከትሎ ሱቋ ገባ። በልጅነቱ የዚሁ ቡድን ተከላካይ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ቀለም ከዛሬ ጀምሮ አይሰፋም።»

«ማን ከለከለ?»

«አዋጁ።»

መነጽሯን አድርጋ አዋጁን ከመሳቢያ አወጣች። በእርሳስ አስምራበታለች።

«ድርጅቱ ይላል፣ አባላቱ ይላል፣ ንብረቱ ይላል። ቀለም የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«እትዬ፣ የአዋጁ መንፈስ ነው።»

«መንፈስ በሜትር አይለካም፣ የኔ ጌታ። ለመሆኑ አንተ ያን ሁሉ ኳስ ራስህ ላይ ስታገባ ምን ለብሰህ ነበር? ያኔም አሸባሪ ነበርክ?»

አንዱ ፖሊስ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሹሙ ያለቀውንም ያላለቀውንም፣ የድሮ ናሙናዎቿንም ሳይቀር በጆንያ አስጭኖ ሄደ። የወሰደውን እንዲፈርምላት ብትጠይቀው እንዳልሰማ ሆነ።

ወንድሟ በክራንቹ እየተደገፈ መጣ። «ተዪው እቴ፣ ነጭ ስፊላቸውና ይውጣልሽ።»

«እግርህን ወስደዋል። ቀለማችንን ደግሞ እኔ ልመርቅላቸው?»

በማግስቱ ፍርድ ቤት አቤት አለች። ዳኛዋ ቀለሙ ከድርጅቱ በፊት የሰፈሩ እንደነበረ እስከ ሐሙስ አስረጂ አሏት። ካላስረዳች የሥራ ፈቃዷ ይሰረዛል፤ ቡድኑም ወይን ጠጅ ለብሶ ሜዳ አይገባም። የድሮ ፎቶ ፈለገች፤ የተገኘው ሁሉ ጥቁርና ነጭ። የድሮ ማሊያ ስትጠይቅ ጎረቤት አንገቱን ደፋ። ወሬው ሲሰማ ሁሉም ፈርቶ ማሊያውን ጥቁር ነክሮታል።

ይህን ለምታነቡ የሰፈሯ ልጆች እንዲህ ትላለች፦

«የነከራችሁትን አምጡልኝ። ፈርታችሁ ነው፣ አልቀየምም። ጨርቁ ጥጥ ስለሆነ ጥቁሩን ጠጥቶታል፤ የሰፋሁበት የፖሊስተር ክር ግን ያንን ቀለም አይጠጣም። የአንገቱን ውስጥ ገልብጣችሁ እዩት፤ የተሰፋበትን ዓመት በወይን ጠጅ ክር ጽፌበታለሁ። ሱቄ ክፍት ነው። እስከ ሐሙስ አድርሱልኝ፤ በመቀስ ደግሞ እንዳትነካኩት።»