አከራይና ተከራይ በአንድ ፍራሽ

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነበር። የአዳማ ሙቀት ከቆርቆሮው ሥር ታምቋል። የታሰርነው ከሠፈራችን የታፈሱት ልጆች የት እንደደረሱ በስብሰባ ላይ ስለጠየቅን ነው። እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። አብረውኝ የተያዙት አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛና ተከራያቸው፣ ልብስ ሰፊው የአቦምሳ ልጅ ነበሩ።

ሁለቱ ፍርድ ቤት ይካሰሱ ነበር። ሽማግሌው ቤቱን ለምታገባ ልጃቸው ፈልገውታል፤ ውሉም አልቋል። ልብስ ሰፊው ደግሞ ሚስቱ እርጉዝ ስለሆነች አልወጣም ብሏል።

ለሽማግሌው ከቤት አንድ ስስ ፍራሽ መጣላቸው። አነጠፉና ጥግ ይዘው ተኙ።

«ና እንጂ» አሉት፣ ሲሚንቶው ላይ የተቀመጠውን ተከራያቸውን።

«ጋሼ፣ ተካሰናል እኮ።»

«እሱ የውጭ ነገር ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ያድሩ ጀመር። ቀን ቀን ክሳቸውን ይሟገታሉ፤ እኔን ዳኛ ያደርጉኛል። ዘቡም አንዳንዴ ቆሞ ይሰማል።

አንድ ቀን ምሳ ያመጣችው የሽማግሌው ልጅ በሩ ላይ ውሳኔውን ነገረቻቸው። ፍርድ ቤቱ የውሉን ማብቃት ተቀብሎ፣ ተከራዩ ቤቱን ያስረክብ ብሏል። ልብስ ሰፊው ሰማ። ጋቢውን አጣጥፎ ከፍራሹ ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አሉት ሽማግሌው።

«ተፈረደብኝ አይደል ጋሼ።»

«የተፈረደው ስለ ቤቱ ነው። ስለ ፍራሹ ማን ምን አለ? ተቀመጥ።»

እጁን ይዘው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሚስቱ ወልዳ እስክትጠነክር፣ እሱም እስኪፈታ ድረስ ዕቃቸውን ማንም እንዳይነካ። ሠርግሽ ትንሽ ይቆያል።»

«እሺ አባዬ። የአራስነቷን ገንፎ እኔ እገነፋላታለሁ» አለች ልጅቷ።

ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ጃባዱ» አሉት በኦሮምኛ፣ «በርታ»።

ሁላችንም ያለ ክስ ተለቀቅን። ሕፃኗ ስትጠነክር ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ለሙሽሪት ኖራ ቀብቶ፣ ቁልፉን በሁለት እጁ አስረከበ። አልጋውን መኪና ላይ ስንጭን አንዱን ጫፍ የያዙት ሽማግሌው ነበሩ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ፍርድ ቤት ሳስተምር ይህን ጉዳይ አነሣለሁ። ተማሪዎቼ «ማን ረታ?» ይሉኛል። «አከራዩ» እላለሁ፤ እውነት ነው። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ትምህርቱን ከመቀጠሌ በፊት ግን የፍራሹንም ነገር እነግራቸዋለሁ።