የተዋናዩ ስንቅ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በዕድራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። የሾመኝ የለም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መውጣቴ ስለታወቀ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝነኛው የፊልም ተዋናይ ወደ ትውልድ አገሩ ይመጣል ተብሎ የአቀባበል ኮሚቴ ሲቋቋም፣ የሕይወት ታሪኩን ጽፌ በአዳራሽ እንዳነብ መታዘዜ አልገረመኝም።

«ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል?» አሉኝ ሰብሳቢው።

እውነታቸውን ነው። ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ቡሬ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል አብረን ኖረናል። ያን ጊዜም እንቀው ነበር ብል ደስ ይለኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ንቀቱን ከዛሬ ወስጄ በዚያች ክፍል ያስቀመጥሁት እኔ እሆናለሁ።

ሰውየው ዝናውን ያገኘው ባላገር በመምሰል ነው። ቁምጣ ይታጠቃል፣ ዱላ ይይዛል፣ አስፋልት ሲሻገር ይንቀጠቀጣል፣ አሳንሰር ሲከፈት ያማትባል፤ የከተማው ተመልካችም ሆዱን ይዞ ይስቃል። የሚናገረው የጎጃም አማርኛ ነው ይባላል። ከቡሬ እስከ ቋሪት ዞሬ እንደዚያ የሚያወራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አባቱ አንዲት ቃል ከማውጣታቸው በፊት ደጋግመው የሚያስቡ ጭምት ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው የእርሳቸውን ቁምጣ ለብሶ የከፈተውን አፍ እስከ ፊልሙ ማብቂያ አይዘጋውም።

ይህን እንኳ ሥራው ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ያልተውሁት በቴሌቪዥን ቀርቦ የሚያወራውን ነው። «እኔ ማንም የለኝም፤ ስንቄን በጀርባዬ ተሸክሜ ብቻዬን ነው የተማርሁት» ይላል። አቅራቢዋ ታለቅሳለች፤ እርሱም እንባው ከመውረዱ በፊት ካሜራው የት እንዳለ በዐይኑ ይፈልጋል።

ስንቁን ይሸከም የነበረው እርሱ አይደለም። ታላቅ እህቱ ነበረች። በየገበያው ቀን ድርቆሹን፣ ሽሮውንና በሶውን በአቅማዳ አዝላ ከገጠር ቡሬ ድረስ በእግሯ ታመጣለት ነበር። የሚያመላልስ ሰው ስለጠፋ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋረጠች፤ ሰባተኛም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ድርቆሽ እኔም መብላቴን ግን አልጠራጠርም።

አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ስመለስ በአውቶቡሱ ቴሌቪዥን አንድ ፊልሙን አሳዩን። ድሃ ተማሪ ሆኖ አቅማዳ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። የአቅማዳው አፍ በነጠላ ጥለት ቁራጭ ታስሯል። እህቱ የምታስረው ልክ እንደዚያ ነበር። እንግዲህ ሰውየው አልረሳም። ቋጠሮዋን ሳይቀር ያስታውሳል፤ ሸክሙን አስቀርቶ ተሸካሚዋን ብቻ ነው ያወጣት።

ከአቀባበሉ በፊት እህቱ ወሬውን ሰምታ እቤቴ መጣች።

«ወንድም ዓለም፣ ታሪኩን የምታነበው አንተ ነህ አሉኝ።»

«አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ። ይቀመጡ እንጂ።»

«በቁሙ? ሰው በቁሙ ታሪኩ ይነበብበታል?» አማተበች። በእሷ መንደር የሕይወት ታሪክ የሚነበበው መቃብር አፋፍ ላይ ብቻ ነው።

«አሁን እንዲህ ሆኗል፣ እትዬ።»

«ከተነበበ አይቀር እንግዲያ እኔንም ታሪኩ ውስጥ አግባኝ። እሱ በቴሌቪዥን ማንም የለኝም ካለ ወዲህ መንደሩ ‹ምን ብታደርገው ነው እንዲህ የካዳት?› እያለ ነው። ለቅሶ ቤት ስገባ ወሬ ያቆማሉ። ስንቁን ያመላለሰችለት እህቱ ናት በል። ሌላ አልፈልግም።»

ጻፍሁት፤ «የአራት ዓመት ስንቁን ከገጠር ቡሬ ድረስ በጀርባዋ ያመላለሰችለት ታላቅ እህቱ ናት።» ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የተሻለ ዓረፍተ ነገር የጻፍሁ አይመስለኝም።

ተዋናዩ ከመድረኩ በፊት ጽሑፉን ላየው ብሎ ሆቴል አስጠራኝ። መነጽሩን ሳያወልቅ አነበበና እዚያች መስመር ላይ እስክሪብቶ ጫነባት።

«አንተ ልጅ፣ ሕዝቡ የሚያውቀው ታሪክ አለ እኮ። አሁን እህት ከየት ላምጣ?»

«ከቡሬ። ነገ ትመጣለች።»

«ትምጣ! ከፊት አስቀምጧት፣ ፎቶም እንነሳለን። ማይክ ላይ ግን አይሆንም። የሰው እንባ እንደ ቀላል የሚመጣ መሰለህ?»

በማግስቱ ከፊት ያሉት ወንበሮች ለእንግዶች ተይዘው ስለነበር እህቱ በር ላይ ቆመች። የማስታውሰው እንዲህ ነው፦ እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ፤ የተሰረዘውን በቃሌ አልሁት፤ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እርሱ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለ። የኮሌታውን ቀለም ሳይቀር መናገር እችላለሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሥራ ባልደረባዬ በስልኩ የቀረጸውን አሳየኝ። «ትምህርቱን በቡሬ ተከታተለ» ካልሁ በኋላ ትንፋሽ እንኳ ሳልወስድ «ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አቀና» እላለሁ። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ከወረቀቱ ቀና አላልሁም። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ በመጨረሻ እኔም አጨበጭባለሁ።

ተዘግቶ የሰነበተው የቡሬ መንገድ በተከፈተበት ሳምንት ለሥራ ወደዚያ ሄጄ ገበያው አጠገብ አገኘኋት። ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ነበረች። ልሸሽ አስቤ ነበር፤ ቀደመችኝ።

«ወንድም ዓለም! እግዜር ይስጥልኝ። በር ላይ ሆኜ ሰማሁህ እኮ። ብነግራቸው አላምን አሉኝ፤ እስኪ ንገራቸው!»

በነጋዴው ጩኸትና በባጃጁ ጥሩንባ መሃል ሁለቱ ሴቶች አፌን ጠበቁ።

«እውነት እሷን አነሳሃት?» አለች አንደኛዋ። «ምን ብለህ?»

ድምፄን አጠራሁ፤ መቃብር አፋፍ ላይ በማነብበት ድምፅ፣ ሳልቸኩል፣ «የአራት ዓመት ስንቁን ከገጠር ቡሬ ድረስ በጀርባዋ ያመላለሰችለት ታላቅ እህቱ ናት» አልኋቸው።

«ኧረግ!» አለች ሴትዮዋ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት» አልሁ። እህቱ ነጠላዋን አስተካክላ ከሁለቱ ፊት ቀድማ ወደ ገበያው ገባች።