ሲመለሱ የሚገዙ ነጥቦች

ወይዘሮ ፋንታዬ በሶዶ ገበያ ዳር ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት መሸጥ ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ዘንድሮ ግን መንገዱ ሊሰፋ ነውና ሱቃቸው ይፈርሳል። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ምትክ ሁለት ቦታ አሳይተዋቸው፣ «እስከ ዓርብ ይምረጡ፤ አንዴ ከፈረሙ መለወጥ የለም» ብለዋቸዋል። አንዱ እህል በጋሪ የሚገባበት የላይኛው በር ነው። ሌላው እግረኛ ብቻ የሚወጣበት፣ ወደ ሁምቦ የሚወስደው የታችኛው በር።

ልጃቸው ቤቴል በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ታጠናለች። ከተማዋን በላፕቶፕ ካርታ ላይ አስፍራ፣ ሰዉን ነጥብ አድርጋ ታስኬዳለች። ለየነጥቡ ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚፈልግ ትነግረዋለች፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን ራሱ ይመርጣል። በእናትየው ዘመን ካርታ ማለት መምህሩ በጠመኔ ሥለው፣ ደወል ሲደወል በእጅጌያቸው የሚያጠፉት ነበር። አሁን ሲሄድ አዩት።

«እይው እማ፣ ሁሉም በላይኛው በር ነው የሚጎርፈው። እዚያ ፈርሚ።»

ወይዘሮ ፋንታዬ መነጽራቸውን ሳብ አድርገው አንዷን ነጥብ በዓይናቸው ተከተሏት።

«ይቺ ከየት ናት?»

«ከሁምቦ። በቆሎ ይዛ።»

«ሱቄ ጋ ቆማ ምን ገዛች?»

«ሳሙና።»

«በምን ብር?»

ቤቴል ወደ ነጥቧ ጠጋ ብላ አየች።

«ብሯ እኮ ገና ማዳበሪያው ውስጥ ነው ልጄ። በቆሎው ሳይሸጥ ሳሙና አይታሰብም። ይህን አላስተማሩሽም?»

«አንቺም አላስተማርሽኝም።»

ቤቴል ሁለት ቀን አጎንብሳ ሠራች። እህል የያዘ ሁሉ ሳይሸጥ እንዳይገዛ፣ ሲመለስም በእግሩ እንዲወጣ አደረገች። ሐሙስ እናቷን ጠራቻቸው። በታችኛው በር ጠዋት ጭር ያለው ቦታ ከሰዓት በኋላ በነጥብ ተሞላ። አንዷ ነጥብ ግን ሱቁ ጋ ደርሳ አልነቃነቅ አለች።

«ይቺስ ምን ነካት? ተበላሸች?»

«ዓመለወርቅ ናት። ወሬ ጨመርኩላት።»

ቅቤ ነጋዴዋ ዓመለወርቅ የእናቷ ባልንጀራ ናት፤ ጨው ልትገዛ መጥታ የሰፈሩን ወሬ ሳትጨርስ ተነሥታ አታውቅም። ወይዘሮ ፋንታዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ዓርብም ሄደው ለታችኛው በር ፈረሙ።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ዝንብ እንኳ አልመጣም። ቤቴል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች፤ እናትየው ሚዛናቸውን ይወለውላሉ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ሴቶቹ ባዶ ማዳበሪያቸውን በብብታቸው ሸጉጠው በበሩ ብቅ ብቅ አሉ።

«በይ ተነሺ፣ ሳሙናውን አቀብዪኝ» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ። «በርጩማውንም ልቀቂ፤ ዓመለወርቅ መድረሷ ነው።»