በቅሎዎቹ ከተጫኑ በኋላ

በጣሊያን ጊዜ ለመመካከር ፋታ አልነበረም ይባላል። ውሸት ነው። ከጊዜ በቀር ምንም አልነበረንም። ከአንኮበር በላይ ባለው ጫካ ክረምቱን ሙሉ ቆሎ እየቆረጠምን ተቀምጠናል። ስለ አንዲት የጠፋች ኮርቻ እንኳ ቀኑን ሙሉ ሸንጎ ውለናል።

ሸንጎው ሥርዓት ነበረው። ሐሳብ የሚሰጠው ከታናሽ ጀምሮ ነው፤ አለቃው መጨረሻ ይናገራል። አለቃ ከተናገረ በኋላ የሚቀረው ራስ መነቅነቅ ብቻ ስለሆነ ነው።

አንድ ጠዋት ስንጠራ በቅሎዎቹ ተጭነው አገኘናቸው። አለቃችን ቀድሞ ተናገረ፤

«ዛሬ ከአሊዩ አምባ በላይ ያለውን ምሽግ እንመታለን። ምን ትላላችሁ?»

ታናሹ እኔ ነበርሁ። አፌን ሳልከፍት ግን ከአሊዩ አምባ ጨውና ጥይት ደብቀው የሚያመጡልን ሽማግሌ ነጋዴ ብድግ አሉ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ገበያ ነው። እናንተ ተኩሳችሁ ጫካ ትገባላችሁ፤ ጣሊያን ንዴቱን የሚወጣው በእኛ ነው። አንድ ቀን ይስጡን፤ ሴቶቹንና ልጆቹን እናሽሽ።»

«ሐጂ፣ ጠላት ቀን ይሰጣል እንዴ?»

«ይሄኛውማ ወላሂ ሰጥቷል! ከረመዳን ወዲህ ከምሽጉ ንቅንቅ አላለም።»

ሰው ሳቀ። አለቃውም ሳቀ። ከዚያ ወደ በቅሎዎቹ እያመለከተ፣ «ታዲያ እነዚህ ተጭነው ይደሩ?» አለ።

ሳቁ ቆመ። ጭነቱን ማውረድ እንደሚቻል የጠፋው ሰው አልነበረም። ሆኖም ሁሉም በየተራው «እርስዎ እንዳሉ» አለ፤ የመጀመሪያውም እኔ ነበርሁ።

ምሽጉን መታን፤ ጥቂት ጠመንጃም ማረክን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከገደሉ አፋፍ ሆነን ወደ ቆላው ስንመለከት የገበያው ሰፈር ይነድ ነበር። ነጋዴው ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ማን እንደተረፈላቸው አላወቅንም። ጨውም ቀረ።

አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪም አልነበረም፤ ትንሽ ቢፈራ ኖሮ ሳያስጭን ይጠይቅ ነበር። ከነጻነት በኋላ ስለዚያ ቀን ሲነሣበት፣ «ጊዜ የት ነበረና!» ይል ነበር፤ አብረውን የነበሩትም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ መሪ ብቻውን ጦርነት መክፈት ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ክርክር ባነበብሁ ቁጥር፣ ከሕጉ አንቀጽ በፊት የሚታዩኝ እነዚያ በቅሎዎች ናቸው።

አንተም አንድ ቀን ሸንጎ ተቀምጠህ «ምን ትላላችሁ?» ስትባል፣ ከመመለስህ በፊት ወደ ደጅ ተመልከት። በቅሎ ተጭኖ ካየህ «እርስዎ እንዳሉ» አትበል። መጀመሪያ ጭነቱን አስወርድ።