የእጅ ፍሬን የማይሳብበት መንገድ

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴው ልንገራችሁ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ለስላሳ ሆኖ አይወጣም። ካይሮ፣ ዛማሌክ ደሴት ላይ፣ ከአባይ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ያልተቆጣሁት ዘበኛ፣ ያልገሠጽኩት አትክልት ሻጭ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ የተቆጣሁት ሰው ቢኖር ጋሽ ሐሳኔን ነው፤ እሱንም ስለ ገዛ ዓይኑ ነው።

ጋሽ ሐሳኔን የመንገዳችን መኪና አቋሚ ነው። ከላይኛው ግብፅ፣ ከሶሃግ ገጠር በሃያ ሁለት ዓመቱ መጥቶ፣ የአጎቱ ልጅ ዘበኛ በሆነበት በኛ ሕንፃ መኪና ማጠብ ጀመረ። ከዚያ አንዱ ቁልፉን ሰጠው፣ ሌላውም አይቶ ሰጠው፣ እንዲህ እንዲህ ሲል ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው። ሚስቱ አገር ቤት ናት፤ በዓል በመጣ ቁጥር እየሄደ ሦስት ሴቶች ልጆች ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ድሯል። የሚያድረው ከደረጃችን ሥር ባለች ክፍል ነው። ግድግዳዋ ላይ ምስማር የተመታበት ሳንቃ አለ፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ ቁልፍ እዚያ ላይ ተንጠልጥሏል። የቱ የማን እንደሆነ ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

መንገዱ ጠባብ፣ መኪናው ብዙ ስለሆነ አንዱን ካንዱ ጎን ደርበን ነው የምናቆመው። ደርቦ ያቆመ ሰው ማርሹን ባዶ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ ይወርዳል። ውስጥ ያለው ልውጣ ሲል ጋሽ ሐሳኔን የደረበውን በትከሻው ገፋ አድርጎ ያሳልፈዋል። የእጅ ፍሬን ስቦ መሄድ እኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው፤ ሰው ያኮርፍበታል።

እንግዲህ አምና ስኳሬ ከፍ አለና ሐኪሜ፣ በየቀኑ ካልተራመድሽ እግርሽን እርሺው አለኝ። ፈርቼ መራመድ ጀመርኩ። ከባሌ ጋር ገብቼ፣ እሱም እዚሁ ሞቶብኝ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ዛማሌክ ኖርኩ ስል፣ ለካ የኖርኩት ከደጄ እስከ መኪናዬ ነው! አርብ ማለዳ፣ ካይሮ ገና ሳትነሳ፣ ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ እዞራለሁ። ባለቤት የሌለው ቪላ አገኘሁ፤ የማንጎው ዛፍ ፍሬውን አጥሩ ላይ እያዘነበ ዝንብ ይበላዋል። የሐር ቀሚስ ለብሳ አስራ አራት ድመት የምታበላ ሴትዮ አገኘሁ፤ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች ትሰድበዋለች። የዋርካው ሥር የእግረኛ መንገዱን ገልብጦት ሰዉ ዛፉን ከመቁረጥ ደረጃ የሠራበት ቦታ አለ። አንድ አሮጌ ዳቦ ቤት ደግሞ፣ እኔ ድልድይ ተሻግሬ ስገዛ የኖርኩትን ዳቦ፣ ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ይጋግራል። ወይ ነዶ! ይሄ ሁሉ ዘመን አፍንጫዬ ሥር ኖሯል።

በሦስተኛው አርብ ጋሽ ሐሳኔንን አገኘሁት። ከቤታችን አምስት መንገድ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ መዳፉን በግንብ አጥር ላይ እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይራመዳል። ልጠራው ብዬ ተውኩት፤ ነገሩ አላማረኝም። ከኋላ ከኋላው ተከተልኩት። ዋርካው ጋ ሲደርስ ግንዱን ዳበሰና ወደ ግራ ታጠፈ። አንድ ኤምባሲ በር ላይ ካለች የዘበኛ ጎጆ ፊት ቆመና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደምን አደርክ ወንድሜ፣ አለ። ጎጆዋ ባዶ ነበረች። ዘበኛው ማዶ ቆሞ ሻዩን እየጠጣ አፉን ከፍቶ ያየዋል።

ስጠራው በድምፄ አወቀኝ። ሊክድ ሞከረ፤ ተማሪ ሲዋሽ እንደማውቅ ሲያስታውስ ግን ተወው። ዓይኑ መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ አቧራ መስሎት በውሃ ሲታጠብ ከረመ፤ ኋላ ጭጋጉ ወፍሮ ወፍሮ የሰው ፊት ጠፋው። ሰፈሩ ጭር በሚልበት በአርብ ማለዳ እየወጣ ዛፉን፣ ምሰሶውን፣ እርምጃውን ይቆጥራል፤ በሌላው ቀን መኪና ያቆመበት እንዳይጠፋው ነው።

“መሪ ከያዝኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው” አለኝ። “በትከሻዬ ነው የምኖረው።”

ሁለተኛ ፎቅ ያለው ዶክተር ላቢብ የካይሮን ግማሽ ዓይን ያበራ ሐኪም ነው። እሱ እላይህ ተቀምጦልህ ምን ነካህ አልኩት።

“የዶክተሩ ቁልፍ እኮ ሳንቃዬ ላይ ነው ያለው እትዬ ሱሄር። ለሱ ነገርኩ ማለት፣ መኪናህን የሚያቆመው ዕውር ነው አልኩት ማለት ነው። ቁልፉን ይወስዳል። እሱ ከወሰደ ሁሉም ይወስዳል። ከዚያ እኔ ምንድን ነኝ?”

ደግሞም እናቱን የመንደር መድኃኒተኛ ዓይኗን በመርፌ ነክቶ ጭራሽ አጥፍቶባታል። ለማንም እንዳልናገር በሟቹ ባሌ አስማለኝ። እኔም ቂሊቷ ማልኩለት።

ከሁለት ወር በኋላ ኢንጂነር ዋጊህ አራተኛ ፎቅ ገባ። ዱባይ አስራ ሁለት ዓመት ኖሮ የተመለሰ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አገሩን የረሳ ሰው ነው። በገባ በሳምንቱ አዲሷን መኪናውን ከኔዋ ጎን ደርቦ፣ ቁልፉን ለጋሽ ሐሳኔን ሰጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ስቦ ወጣ። ዱባይ የሚደረገው እንደዚያ ነዋ።

እኔ ያን ቀን ለቅሶ መድረስ ነበረብኝና ረፍዶብኛል። ጋሽ ሐሳኔን አንዴ ገፋ፣ ሁለቴ ገፋ፤ መኪናዋ ንቅንቅ አልል አለች። እኔ ደግሞ ጥሩምባዬን እነፋለሁ። ምሥጢሩን የማውቀው እኔ፣ በሞቴ ፍጠን እያልኩ በመስኮት የምጮኸው እኔ! ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ወደ ክፍሉ ገብቶ ቁልፉን ይዞ ወጣና መሪው ላይ ተቀመጠ። ከመኪናዬ ወርጄ፣ ተው! ከማለቴ ወደ ኋላ ሄዶ ከመብራት ምሰሶው ጋር ተላተመ። ፓራውልቱ ተጨረመተ፣ የኋላው መብራት ረገፈ። ጋሽ ሐሳኔን ወርዶ የተሰበረውን በእጁ እየዳበሰ ቆመ። ለቅሶውን ሳልደርስ ቀረሁ።

ኢንጂነር ዋጊህ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነዋሪውን ሁሉ ሕንፃው መግቢያ ላይ ሰበሰበ። የደንብ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች የሚያቀርብ ድርጅት አለ፣ ወረቀቱም ይኸው፣ መፈረም ብቻ ነው፤ ሽማግሌውም በክብር አገሩ ይግባ አለ። ጋሽ ሐሳኔን ከደረጃው ሥር፣ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ከዚያ ኢንጂነሩ ዞር ዞር ብሎ አየንና፣ ከኔ ሌላ መኪናው የተጫረበት ሰው የለም? ብሎ ጠየቀ።

የኔዋ እሱ ሌላ መኪና ሲገፋ ከቀኝ በሯ እስከ ኋላዋ ተጭራለች፤ ነገሩ እንዳይወጣ ፈርቼ ጋራዥ እንኳ አልወሰድኳትም።

ቀድሞ የተናገረው ዶክተር ላቢብ ነው። “የኔን አስራ ስምንት ዓመት አቁሟል” አለ፤ “አንዲት ጭረት የለባትም።”

ምራቄ ትን ሊለኝ ምንም አልቀረው። የዶክተሩን መኪና የኋላ ጥግ፣ ስርጉድ ያለውን፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እኔም ተከተልኩና አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም የለብኝም ብዬ ድርቅ አልኩ። ከዚያማ የሦስተኛ ፎቅዋ ባልቴት፣ ማዶ ያለው አበባ ሻጭ፣ ሁሉም በየተራው እንዲሁ አለ። ኢንጂነር ዋጊህ ሞኝ አይደለም፤ ፊታችንን አንድ በአንድ አየና ወረቀቱን አጠፈው። አንዲት ጭረት ብትጨመር ግን ሁላችሁም ትፈርማላችሁ አለ። እሺ አልን፤ ምን እንበል?

ሰዉ ሲበተን ጋሽ ሐሳኔን ክፍሉ ገብቶ ልብሱን በአንሶላ ይቋጥራል። ውሸታችሁን አልሸከምም፣ ሶሃግ እሄዳለሁ አለኝ። ያኔ ነው የተቆጣሁት።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!” አልኩት። “ዓይንህ ቢጠፋ እዚያ ሄደህ ምን ልታይ ነው? የልጅ ልጆችህን በመዳፍህ ልትቆጥራቸው ነው? ተነስ!”

ምሐላዬን አስታወሰኝ። አፈረስኩት፣ አልኩ፤ ሟቹ ይቅር ይበለኝ፣ በሕይወቱም ስንቱን ይቅር ብሎኛል። እጅጌውን ይዤ እየጎተትኩ ሁለተኛ ፎቅ አወጣሁትና የዶክተሩን ደወል ነካሁ። ዶክተር ላቢብ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ከፈተ። ነገሩን ባንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ጋሽ ሐሳኔን መሬት መሬት ያያል፤ ቁልፌን መልስ እስኪባል እየጠበቀ ነው።

“እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር” አለው ዶክተሩ። “ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ስልህ ፊትህን ታዞርብኛለህ። ምን በድዬው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት።”

እዚያው ሳሎኑ ውስጥ በትንሽ መብራት ዓይኑን አየለትና፣ የዓይን ሞራ ነው፣ በደንብ የበሰለ ሞራ፣ ለአንዱ ዓይን ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም አለ። የእናቱንም ነገር እጁን ይዞ እስከ መጨረሻው ሰማው። ጋሽ ሐሳኔን ስለ ቁልፉ ጠየቀ። ዶክተሩም፣ ቁልፌ ካለበት ሳንቃ ላይ ንክች እንዳይል፣ አንተ ተኝተህ ሌላ ማንም እንዳይነካብኝ አለው።

አንዱ ዓይን ተሠራ፤ ሁለተኛው በሦስተኛ ሳምንቱ። ያ አንድ ወር ለመንገዳችን የቅጣት ወር ነበር። የቱ ቁልፍ የማን እንደሆነ ጠፋን። ሰው በየአፍታው ፎቅ ለፎቅ እየተጠራራ፣ አንዱ በፒጃማ፣ አንዱ በፎጣ እየወረደ መኪና ይገፋል። ኢንጂነር ዋጊህ ሱፉን እንደለበሰ የአበባ ሻጩን ጭነት መኪና በትከሻው ሲገፋ አይቼ በረንዳዬ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። የእጅ ፍሬን የሚባል ነገርማ ከዚያ በኋላ ነክቶ አያውቅም።

ማሰሪያው በተፈታ ማግስት ጠዋት ጋሽ ሐሳኔን ወጣ። እኔ ደጅ ነበርኩ፤ ዶክተሩ በረንዳው ላይ፣ ሌላውም በየመስኮቱ። ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ሕንፃው አየ፣ እኔንም አየኝና፣ እትዬ ሱሄር፣ ሸብተዋል! አለኝ። ሌላ ቢሆን ልክ ልኩን እነግረው ነበር።

ከዚያ ወደ መኪኖቹ ሄደ። የዶክተሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጥግ አየ። ፊቱ ተለወጠ። ወደ ባልቴቷ መኪና ሄደ፤ እዚያም ስፖኪዮው ተሰንጥቋል። የአበባ ሻጩንም አየ። መጨረሻ የኔዋ ጎን ቆሞ ከበሯ እስከ ኋላዋ በጣቱ ተከተለው። ይሄን ማናችንም አላሰብነውም፤ ዓይኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚያየው ይሄንን መሆኑን ያሰበ የለም። አሁን ቋጠሮውን አንስቶ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።

“እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ግንብ ነው” አልኩት። “ስወጣ ከግንብ ጋር ታከክሁ።”

ቀና ብሎ ዶክተሩን አየው። ዶክተሩም ከበረንዳው፣ እኔም ግንብ ነው አለ። ባልቴቷም ከመስኮቷ ግንብ አለች።

“ሁላችሁም ያንኑ ግንብ ነው የገጫችሁት?”

“ያንኑ” አልኩት።

ፊቱን በእጅጌው ሸፍኖ ቆመ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በዚህ መሐል ኢንጂነር ዋጊህ ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ ወረደ። ረፍዶበታል፤ የሱ መኪና ከውስጥ ነው፣ የኔዋ ደርባበታለች። የግንቡን ወሬ ከደረጃው ላይ ሰምቷል፤ ሁላችንንም አየና ነገሩ ገባው። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት።

“ጋሽ ሐሳኔን፣ እባክህ አውጣልኝ” አለው፤ “ግንቡን ብቻ ተጠንቀቅልኝ።”

ጋሽ ሐሳኔን እንባው ሳይደርቅ ሳቁ አመለጠው። እኔ ትከሻዬን አስጠግቼ የገዛ መኪናዬን ገፋሁለት። ገብቶ ተቀመጠ፣ ስፖኪዮውን አስተካክሎ አየበት፣ መሪውን አንድ ጊዜ ብቻ አዙሮ ምሰሶውን በስንዝር አልፎ ወጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እፎይ ብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ማንም እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።